አምስት ወንዶች ልጆች የነበሩት ቤት ለምን ያለ ወንድ ወራሽ ቀረ? የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉም ስለ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

ጥያቄ፦ ዊሊያም ማርሻል የተባለው የእንግሊዝ መኰንን አምስት ወንዶችና አምስት ሴቶች ልጆች እንደነበሩት፣ ሆኖም ከሞተ 27 ዓመት ሳይሞላ የወንድ ዘሩ ሙሉ በሙሉ እንደጠፋ አነበብኩ። አሥር ልጆች የተወለዱበት ቤት በአንድ ትውልድ እንዴት ይዘጋል? ለመሆኑ ሰውየው ማን ነበር?

መልስ፦ ዊሊያም ማርሻል ቤት የወረሰ ሳይሆን ቤት የመሠረተ ሰው ነበር፤ ስለዚህ ከእሱ እንጀምር። የተወለደው በ1146 ወይም በ1147 ገደማ ነው። አባቱ ጆን የንጉሡ ፈረሶች ሹም፣ በእኛ የማዕረግ ስም ብንጠራው ባልደራስ ነበር፤ «ማርሻል» የሚለው መጠሪያም የመጣው ከዚሁ ሹመት ነው። በ1152 ንጉሥ እስጢፋኖስ የጆንን ምሽግ በኒውበሪ ከቦ ሳለ፣ አባትየው ትንሹን ዊሊያምን በመያዣነት ሰጠ፤ ወዲያውም ቃሉን አጠፈ። ንጉሡ ልጁን እሰቅለዋለሁ ብሎ ሲዝትበት፣ ጆን ከዚህ የተሻሉ ልጆች የሚቀጠቅጥበት መዶሻና መስፍ እንዳለው መለሰ ይባላል። ንጉሡ ግን ሆዱ ባባና ልጁን ሳይገድለው ቀረ። ይህን የምናውቀው የዊሊያም የበኵር ልጅ ባሠራው፣ በፈረንሳይኛ በተጻፈና ከ19,000 በላይ ስንኞች ባሉት የሕይወት ታሪክ ነው። ግጥሙ ለሟቹ ክብር የተጻፈ ስለሆነ ሁሉንም እንደወረደ መቀበል አይገባም፤ ስለ ቤተሰቡ የውስጥ ሕይወት ግን ከእሱ የቀረበ ምስክር የለንም።

ዊሊያም ለአባቱ አራተኛ ወንድ ልጅ ነበር። የእንግሊዝ የባላባት ርስት በበኵር ወንድ ልጅ እጅ እንዲጠቃለል ሕጉ ስለሚያዝ፣ ከፈረሱና ከሰይፉ በቀር የሚመካበት ሀብት አልነበረውም፤ በመላ ሰሜን ፈረንሳይ በሚካሄዱ የፈረሰኞች ግጥሚያዎች የተሸነፉ ተጋጣሚዎችን እየማረከና ቤዛ እያስከፈለ ስሙን ተከለ። ሀብታም ያደረገው ግን ጋብቻ ነው። በ1189 ዕድሜው ከአርባ ካለፈ በኋላ፣ ንጉሥ ሪቻርድ ቀዳማዊ ኢዛቤል ደ ክሌርን ዳረለት። ኢዛቤል «ጽኑ ቀስት» በሚል ቅጽል የሚታወቀው የሪቻርድ ደ ክሌርና የአየርላንዱ የሌንስተር ንጉሥ ልጅ የኢፋ ልጅ ነበረች፤ ይዛ የመጣችውም በአየርላንድ የሌንስተርን ግዛት፣ በዌልስ ድንበር የቼፕስቶውን ምሽግ፣ በኖርማንዲ ደግሞ ከሎንግቪል ርስት ድርሻዋን ነው። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ስለ «ማርሻል ርስት» ስንናገር፣ አብዛኛው የእናት ርስት መሆኑን አንባቢ ልብ ሊል ይገባል። በ1199 ንጉሥ ጆን ዊሊያምን የፔምብሩክ ኧርል አደረገው፤ ኧርል ከፍተኛ የእንግሊዝ የባላባት ማዕረግ ነው። ጆን በ1216 ሲሞትና የዘጠኝ ዓመቱ ሄንሪ ሣልሳዊ ሲነግሥ የመንግሥቱ እንደራሴ ሆኖ የተመረጠው እሱ ነበር፤ በ1217 ሰባ ዓመት ገደማ ሆኖት በሊንከን ጦርነት ሠራዊቱን መርቶ ፈረንሳዮችንና ከእነሱ ጋር ያበሩትን ዐመፀኞች ድል አደረገ። ግንቦት 14 ቀን 1219 በካቨርሻም ሞተ።

አሁን ወደ ልጆቹ እንምጣ። በኵሩ ዊሊያም ዳግማዊ መጀመሪያ ያገባት አሊስ ልጅ ሳትወልድለት ሞተች፤ በ1224 ያገባት ሁለተኛዋ ሚስቱ የንጉሡ እህት ኤሊኖር ስትሆን፣ በሠርጉ ዕለት ገና ዘጠኝ ዓመቷ ገደማ ነበር። እሱ በሚያዝያ 1231 በድንገት ሲሞት እሷ ዐሥራ ስድስት ዓመት አካባቢ ነበረች። ሁለተኛው ሪቻርድ ዕድሜውን አብዛኛውን በፈረንሳይ አሳለፈ፤ ርስቱን ከወረሰ በኋላ በሄንሪ ሣልሳዊ አማካሪዎች ላይ ዐምፆ፣ ሚያዝያ 1 ቀን 1234 በአየርላንድ ኪልዴር ሜዳ ላይ ክፉኛ ቆሰለና ከሁለት ሳምንት በኋላ በኪልኬኒ ሞተ። ሦስተኛው ጊልበርት ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የታሰበ ሰው ነበር። ሁለት ታላላቅ ወንድሞቹ ሲሞቱ ከመጽሐፍ ወደ ፈረስ ተመለሰ፤ በ1235 የስኮትላንድን ንጉሥ እህት አገባ፤ በሰኔ 1241 ግን ንጉሡ በከለከለው የፈረሰኞች ግጥሚያ ላይ በሄርትፎርድ አጠገብ ልጓሙ ተበጥሶ ከኮርቻው ወደቀ፣ እግሩም ከእርካቡ ሳይላቀቅ ፈረሱ እየጎተተ ገደለው። አባቱ እንጀራውን የበላበት ጨዋታ ልጁን በላው። አራተኛው ዋልተር በዚያው ግጥሚያ ላይ ተገኝቶ ስለነበር፣ የተቈጣው ንጉሥ ርስቱን እስከ 1242 አዘገየበት፤ በዚያው ዓመት የሊንከንን ባለርስት ማርጋሬት ደ ኩዊንሲን አግብቶ ከሦስት ዓመት በኋላ በኅዳር 1245 በጉድሪች ምሽግ አረፈ። የመጨረሻው አንሰልም ከአንድ ወር በኋላ፣ የኧርልነቱ ሥርዓት እንኳ ሳይፈጸምለት፣ በቼፕስቶው ሞተ።

እንግዲህ ምስጢር የሚባል ነገር ካለ ያለው በእነዚህ ጋብቻዎች ውስጥ ነው። አንደኛው ሕፃን አገባ፤ ሌላው ከቅስና መንገድ ዘግይቶ ተመለሰ፤ ሁለቱ ታናናሾች ደግሞ መሬት እስኪያገኙ ድረስ ትልቅ ጋብቻ የሚሰጣቸው ስላልነበረ ያገቡት ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ ነበር። የበኵር ውርስ ሥርዓት ታናናሽ ወንድሞችን ያለ ሚስት ያስቀምጥና፣ ታላቁ ሳይወልድ ሲሞት ተተኪው ቤተሰብ ለመመሥረት የሚቀረው ጊዜ ጥቂት ይሆናል። አባትየው ራሱ በሞት አልጋው ላይ ለአንሰልም ምንም ላለመስጠት ወስኖ ነበር፤ እኔ እንደሠራሁት እሱም ሠርቶ ያግኝ ብሎ። ወዳጁ ጆን ኦቭ ኧርሊ ተማልዶ ነው በአየርላንድ በዓመት 140 ፓውንድ የሚያስገባ መሬት የተሰጠው።

ጥያቄ፦ የማርሻል ልጆች ያለ ዘር የቀሩት በአንድ ጳጳስ ርግማን ነው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ታሪኩን የጻፈው የሴንት ኦልባንስ ገዳም መነኵሴ ማቲው ፓሪስ ነው። እንደ እሱ አጻጻፍ፣ ዊሊያም በአየርላንድ ሳለ ከፈርንስ ጳጳስ ከአልቢኑስ ሁለት ርስቶችን በኃይል ወሰደበት፤ ጳጳሱም አወገዘው፤ ዊሊያም ውግዘቱ ሳይፈታለት ሞተ። ከዚያ ጳጳሱ ወደ ሎንዶን መጥቶ፣ ንጉሡ ባለበት በመቃብሩ ፊት ቆመና ልጆቹ ርስቱን ቢመልሱ ሟቹን እንደሚፈታው ተናገረ። ወጣቱ ዊሊያም እምቢ አለ። ጳጳሱም የቤቱ ስም በአንድ ትውልድ እንዲጠፋ ረገመ።

የርስት ክርክሩና ውግዘቱ እውነት ናቸው። የርግማኑን ቃል በተመለከተ ግን ማቲው ፓሪስ የጻፈው አምስቱም ወንድማማቾች ከሞቱ በኋላ መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ ከተፈጸመ በኋላ የተጻፈ ትንቢት ሁልጊዜ ልክ ይሆናል። በዘመኑ የነበሩ ሰዎች ግን አጥብቀው አምነውት እንደነበር መገመት አያዳግትም፤ ዋልተርና አንሰልም በአንድ ወር ልዩነት ተከታትለው ሲሄዱ ያየ ሰው ሌላ ምን ሊያስብ ይችላል?

ጥያቄ፦ አንሰልም ሲሞት ርስቱ ለማን ሄደ? ንጉሡ ወሰደው ወይስ ለሴቶቹ ልጆች ተሰጠ? የሕግ ተማሪ ስለሆንኩ አከፋፈሉን በዝርዝር ብትገልጹልኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ የእንግሊዝ ሕግ እዚህ ላይ ለብዙዎች ግራ የሚያጋባ ነገር ነበረው። ወንዶች ልጆች ካሉ በኵሩ ሁሉንም ይወስዳል፤ ወንድ ከሌለ ግን ታላቅና ታናሽ የሚባል ነገር ይቀርና እህትማማቾች ርስቱን እኩል ይካፈላሉ። አንዷ ቀድማ ሞታ ከሆነ ድርሻዋን ልጆቿ ይወስዳሉ። ንጉሡ ሌሎች ወራሾች እያሉ መሬቱን ሊወርስ አይችልም፤ ኧርልነቱ ግን የሚቈራረስ ነገር ስላልሆነ ወደ ዘውዱ ተመለሰ።

በዚህ መሠረት ሌንስተር በ1247 በአምስት ተከፈለ። ካርሎው ለትልቋ ለሞድ ደረሰ፤ እሷ በመጀመሪያ ለኖርፎክ ኧርል ለሂው ቢጎድ፣ ኋላም ለሰሪ ኧርል ተድራ ነበር። ኪልኬኒ የሁለተኛዋ የኢዛቤል ልጅ ለሆነው ለሪቻርድ ደ ክሌር ሆነ። ኪልዴር ለሲቢል ልጆች፣ የዱናማስ ምሽግ ከነዙሪያው ለኤቫ ልጆች፣ ዌክስፎርድ ደግሞ ለጆአን ወገን ተሰጠ። በዌልስ ያለውም እንዲሁ ተበተነ፤ ቼፕስቶው ለቢጎዶች፣ ኧስክ ለክሌሮች፣ ፔምብሩክና ጉድሪች ለጆአን ወገን። ሲቢል የደርቢን ኧርል ዊሊያም ደ ፌረርስን አግብታ ሰባት ሴቶች ልጆች ወልዳ ስለነበር፣ አንድ አምስተኛዋ እንደገና ለሰባት ተቈረሰ፤ ለእያንዳንዷ የደረሳት ከጠቅላላው 35 እጅ አንድ እጅ ነው። አንድ ሰው በሰላሳ ዓመት ገደማ አሰባስቦ የያዘውን፣ ጸሐፍት በአንድ ሰሞን በብራና ላይ ቈራርጠው ጨረሱት።

እርስዎ የሕግ ተማሪ ስለሆኑ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከእህቶቹ በፊት መበለቶቹ ነበሩ። ባሏ የሞተባት ሴት በሕይወት እስካለች ድረስ ከባሏ ርስት አንድ ሦስተኛውን ትጠቀማለች። በ1245 መጨረሻ ላይ ይህን መብት የያዙ የማርሻል መበለቶች ብዙ ነበሩ፤ የዋልተርና የአንሰልም ሚስቶች ገና አዲስ መበለቶች ሲሆኑ፣ የዊሊያም ዳግማዊ መበለት ኤሊኖርም በሕይወት ነበረች። እሷ በአየርላንድና በዌልስ ስላላት ድርሻ በዓመት 400 ፓውንድ እንድትቀበል ተስማምታ ነበር፤ በ1238 ሲሞን ደ ሞንትፎርትን ስታገባ፣ አዲሱ ባል ይህ ገንዘብ ከሚገባት እጅግ ያነሰ ነው ብሎ ከንጉሡ ጋር ለዓመታት ተከራከረ። ሲሞን በኋላ በሄንሪ ሣልሳዊ ላይ የተነሣውን የባላባቶች ዐመፅ የመራው ሰው ነው። የዐመፁ ምክንያት የሚስቱ ድርሻ ነው ማለት ማጋነን ይሆናል፤ ቂሙን ካበሰሉት ነገሮች አንዱ ግን እሱ ነበር።

የባልደራስነቱ፣ ማለትም የማርሻልነቱ ሹመት አልተከፋፈለም። በ1246 የሹመቱ በትር ለሞድ ተሰጠ፤ ከእሷም ወደ ልጇ ወደ ሮጀር ቢጎድ ተላለፈ። የቢጎድ ቤት በ1306 ያለ ወራሽ ሲቀር ሹመቱ የኤድዋርድ ቀዳማዊ ልጅ ለሆነው ለቶማስ፣ በእሱም ሴት ልጅ በኩል ወደ ሞውብሬዮችና ወደ ሃዋርዶች ደረሰ። ከ1672 ጀምሮ የኖርፎክ መስፍኖች በዘር የሚወርሱት ሲሆን፣ በ2023 የተካሄደውን የንጉሥ ቻርልስ ሣልሳዊን ዘውድ መድፋት ያዘጋጁትም በዚሁ ሥልጣን ነው።

ጥያቄ፦ ከሴቶቹ ልጆች የተወለዱ ነገሥታት አሉ ይባላል። እውነት ከሆነ በየትኛው በኩል ነው?

መልስ፦ አሉ፤ ያውም በሁለት አገር። አጭሩ መንገድ የሁለተኛዋ ሴት ልጅ የኢዛቤል ነው። እንደ አያቷ የተጠራችው ሴት ልጇ ኢዛቤል ደ ክሌር በ1240 የአናንዴሉን ጌታ ሮበርት ብሩስን አገባች፤ የልጅ ልጃቸው በ1306 የስኮትላንድ ንጉሥ የሆነው ሮበርት ቀዳማዊ ነው። በባኖክበርን የእንግሊዝን ሠራዊት የሰበረው ንጉሥ፣ በሊንከን እንግሊዝን ያዳነው ሰው የልጅ ልጅ ልጅ ልጅ ነበር ማለት ነው። የሮበርት ሴት ልጅ ማርጆሪ ዋልተር ስቱዋርትን አግብታ ሮበርት ዳግማዊን ወለደች፤ የስቱዋርት ነገሥታት በሙሉ ከዚህ ይወርዳሉ።

በእንግሊዝ በኩል ያለው መንገድ የኤቫ ነው፤ እሷ ራሷ ደግሞ ብዙ መከራ አይታለች። ባሏን ዊሊያም ደ ብራዮዝን በ1230 የዌልሱ መስፍን ልዌሊን፣ ከሚስቱ ጋር ተገኝቷል ብሎ ሰቀለው፤ ኤቫም አራት ሴቶች ልጆች ይዛ ቀረች። ከእነሱ ሞድ ሮጀር ሞርቲመርን አገባች። ከዚህ ጋብቻ የማርች ኧርሎች ተወለዱ፤ አን ሞርቲመር የዮርክን መስፍን ሪቻርድን ወለደች፤ የእሱ ልጅ ኤድዋርድ አራተኛ በ1461 ነገሠ። ሌላዋ ኤሊኖር ሃምፍሪ ደ ቦሁንን አገባች፤ ከእሷ ዘር የሆነችው ሜሪ ደ ቦሁን በአጃንኩር ድል ያደረገውን የሄንሪ አምስተኛን እናት ሆነች። ስለዚህ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ለዘውዱ የተፋጁት የላንካስተርና የዮርክ ቤቶች ሁለቱም የኤቫ ማርሻል ደም ነበረባቸው። የኤድዋርድ አራተኛ ልጅ ኤልዛቤት በ1486 ሄንሪ ሰባተኛን አገባች፤ ከሄንሪ ስምንተኛ እስከ ዛሬው ንጉሥ ድረስ የነገሡት ሁሉ የእሷ ዘር ናቸው።

ታሪኳ ልቤን የሚነካው ግን ትንሿ ጆአን ናት። አባቷ ሲሞት ያላገባች ልጁ እሷ ብቻ ነበረች፤ ግጥሙ እንደሚለው ሟቹ ይህን እያሰበ ይጨነቅ ነበር። ከመሞቱ ጥቂት ቀን በፊት መዝሙር አማረኝ አለና ሴቶች ልጆቹን አስጠራ። ሞድ ቀድማ ዘመረች። ጆአን ተራዋ ሲደርስ አፍራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ አባቷም ስትዘፍኚ አትፈሪ ብሎ ዜማውን ራሱ አሳያት። ከዚያ በኋላ ለዋሪን ደ ሙንቼንሲ ተዳረች፤ ባሏ ከአብዛኞቹ የእህቶቿ ባሎች ጋር ሲነጻጸር ኧርል እንኳ አልነበረም፤ እሷም በ1234 ሞተች። ወንድ ልጇ ጆን በ1247 ሲሞት ድርሻው በሙሉ በእናቷ ስም ለምትጠራው ለእህቱ ሆነ፤ ይቺም ልጅ በዚያው ዓመት የንጉሡን የእናት ልጅ ወንድም ዊሊያም ደ ቫሌንስን አገባች። ልጃቸው ኤይመር የፔምብሩክ ኧርል ተባለ። አባት የተጨነቀላት ልጅ ወገን ናት እንግዲህ የአባቷን ማዕረግ መልሳ የያዘችው። ኤይመር በ1324 ሕጋዊ ልጅ ሳይተው ሞተ፤ በኬምብሪጅ የሚገኘውን ፔምብሩክ ኮሌጅ በ1347 የመሠረተችው የእሱ መበለት ሜሪ ናት።

ጥያቄ፦ «ማርሻል» የሚል የቤተሰብ ስም ያላቸው እንግሊዛውያን የዚህ ሰው ዘሮች ናቸው?

መልስ፦ በስሙ ምክንያት አይደሉም። ሹመቱ የአንድ ቤት ብቻ አልነበረም፤ በየባላባቱ ግቢ ፈረስ የሚጠብቅ፣ በየመንደሩም ፈረስ የሚያክምና ኮቴ የሚመታ ሰው በዚሁ ስም ይጠራ ነበር፤ የቤተሰብ ስም ሲጸና ለብዙ የማይዛመዱ ሰዎች ቀርቷል። የዊሊያም ሕጋዊ የወንድ ዘር በ1245 ስላበቃ ስሙን በቀጥታ ከእሱ የወረሰ የለም። ጊልበርት ከጋብቻ ውጪ ኢዛቤል የምትባል ሴት ልጅ ነበረችው፤ ርስት ግን አልደረሳትም። በሌላ በኩል ከአሥሩ ልጆች አምስቱ ሴቶች በርካታ ልጆች ስለወለዱና እነሱም በየባላባቱ ቤት ስለተዳሩ፣ ዛሬ ከዊሊያም የሚወለዱ ሰዎች ቍጥር እጅግ ብዙ ነው፤ አብዛኞቹም ሌላ ስም የያዙና ይህን የማያውቁ ናቸው።

ጥያቄ፦ መቃብራቸው ዛሬ ይታያል?

መልስ፦ በከፊል። ዊሊያም በሞት አልጋው ላይ የቴምፕል መነኰሳት ወታደሮችን ማኅበር ስለተቀላቀለ የተቀበረው በሎንዶኑ የቴምፕል ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በኵሩ ዊሊያምና ጊልበርትም እዚያው ናቸው። የሦስቱ እንደሆኑ የሚነገርላቸው የተጋደሙ የድንጋይ ምስሎች በግንቦት 1941 በቦምብ ድብደባ በተነሣው እሳት ተጐድተዋል፤ ቢሆንም ዛሬም ይታያሉ። ሪቻርድ በኪልኬኒ ተቀበረ። የዊሊያም ሚስት ኢዛቤል ባሏን ተከትላ በ1220 ስትሞት ያረፈችው በዌልሱ የቲንተርን ገዳም ነው፤ ዋልተርና አንሰልም፣ በ1248 ደግሞ ሞድ፣ ከእናታቸው ጋር በዚያው ተቀብረዋል። ገዳሙ በ1536 ተዘግቶ ጣሪያው ከተገፈፈ በኋላ ፍርስራሹ ብቻ ቀርቷል።